የተማሪ ቤት ሜዳና የናቡቴ ወይን

በየከተማው በትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ የሚገኝ ሜዳ ሦስት ዓይነት ተቃዋሚ አለበት። አንደኛው፥ ሜዳውን ባየ ጊዜ ባዶ መሬት ነው የሚለው ሹምና ነጋዴ ነው። ሁለተኛው፥ ልጆች ሲሮጡበት ባየ ጊዜ ሥራ ፈቶች ናቸው ብሎ የሚያልፈው ሽማግሌና ካህን ነው። ሦስተኛው፥ ሜዳው የወርቅ ጉድጓድ የሚመስለውና ልጁን ከመጽሐፉ አላቅቆ ለሽልማት ገንዘብ የሚያስሮጠው አባት ነው። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሸንጎ ቢቀመጡ በምንም ነገር የማይስማሙ ሰዎች ናቸው፤ ዳሩ ግን የሦስቱም ንግግር የሚያደርሰው ወደ አንድ ስፍራ ነው፤ እርሱም ትምህርት ቤቱ ያለ ሜዳ፥ ልጁም ያለ ጨዋታ የሚቀርበት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው እንደ አነጋገራቸው መልስ መስጠት ያስፈልጋል።

ይህ ክርክር ለደንዲና ለአካባቢው ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፥ አምቦ ሳይደረስ፥ የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ ጊንጪ ትገኛለች። በኅዳር ወር መጀመሪያ 2008 ዓ.ም. የዚህች ከተማ ተማሪዎች የመጫወቻ ሜዳቸውና በአቅራቢያው ያለው የጭሊሞ ደን ለባለ ሀብት ሊሰጥ ነው ብለው አቤት አሉ። ከአንዲት ትንሽ ከተማ የተነሣው ይህ አቤቱታ፥ በአዲስ አበባ መሪ ፕላን ምክንያት ከተነሣው ክርክር ጋር ተጋጥሞ፥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ ብዙ ሰው ሞተ፥ ብዙ ሰውም ታሰረ፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. በአገሩ ሁሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የዚያ ዘመን ነገር ሥሩ ብዙ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ መሬቱም፥ ሹመቱም፥ የቆየው ቅሬታም በውስጡ ነበሩ። ነገር ግን ክብሪቱ የተጫረው ልጆች በሚጫወቱበት ሣር ላይ መሆኑን ማንም ሊረሳው አይገባም።

ይህን የሰማ ብዙ ሰው፥ ስለ አንድ ሜዳ ይህን ያህል መከራ ይመጣልን? ብሎ ይደነቃል። መጽሐፈ ነገሥትን ያነበበ ሰው ግን አይደነቅም። የሰማርያው ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ በተመኘ ጊዜ በመጀመሪያ የተናገረው የግፍ ቃል አልነበረም። ቦታው ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ስለ ሆነ ለአትክልት እንዲሆነው ፈለገ፤ በፈንታውም የተሻለ ወይን፥ ያም ባይሆን ዋጋውን በገንዘብ እንደሚሰጠው ቃል ገባለት። ይህ በዛሬ አነጋገር ምትክ ቦታና ካሣ ማለት ነው፤ ለተመልካችም ፍትሐዊ ይመስላል። ናቡቴ ግን እግዚአብሔርን ፈርቶ የአባቶቹን ርስት አልሰጥም አለ። የዚህ ሰው ማስተዋል ትልቅ ነው። በዓለም ላይ ወደ ገበያ የሚወጡ ነገሮች አሉ፥ የማይወጡም አሉ፤ ርስት ከሁለተኞቹ ወገን ነው፤ ከአባት የተቀበሉት ለልጅ የሚያስተላልፉት አደራ ነውና። የትምህርት ቤት ሜዳም እንዲሁ ነው። ዛሬ በወረቀት ላይ የሚፈርመው ሹም ሜዳውን አላቀናውም፤ ዛሬ የሚሮጥበት ልጅም ከጥቂት ዓመት በኋላ ይተወዋል። እውነተኛ ባለቤቱ ገና ያልተወለደው ተማሪ ነው፤ ያልተወለደ ደግሞ ፈርሞ ሊሸጥ አይችልም።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ተቃዋሚ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። ሜዳው ባዶ ነው የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው በረፋድ ነው፤ በዚያ ሰዓት ተማሪው በክፍል ውስጥ ስለ ሆነ ሜዳው ጸጥ ይላል። በማለዳ ቢመጣ ግን ተማሪው ሁሉ በየክፍሉ ተሰልፎ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቅል ባየ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ቢመጣ ትንንሾቹ ሲሯሯጡ፥ ከትምህርት በኋላ ቢመጣ ታላላቆቹ በጨርቅ ኳስ ሲጋጠሙ፥ ቅዳሜ ቢመጣ የአንዱ ትምህርት ቤት ልጆች ከሌላው ጋር ሲወዳደሩ፥ ወላጁና ባለ ሱቁም ዙሪያውን ከቦ ሲመለከት ባየ ነበር። ቤት ቢቃጠል ወይም ምድር ቢናወጥ ሕፃናቱ የሚሸሹበት ስፍራም ይኸው ነው። ሰው የሌለበትን ሰዓት መርጦ ገብቶ ባዶ ነው ብሎ መጻፍ፥ ምእመናን ወደ ቤታቸው ከተበተኑ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ይህ ቤት ሰው የለውም ብሎ እንደ መመስከር ነው።

ለካህናት ግልጥ የሚሆን ሌላም ማስረጃ አለ። በየደብሩ አቅራቢያ የጥምቀት ባሕር የሚባል ሜዳ አለ። ታቦታት ወደዚያ የሚወርዱት በዓመት አንድ ጊዜ ጥር 10 ቀን ነው፤ የቀረውን ዓመት ሜዳው ክፍት ሆኖ ይከርማል። የትምህርት ቤትን ሜዳ ባዶ መሬት ብሎ የመዘገበ እጅ የጥምቀትን ሜዳ ምን ብሎ እንደሚመዘግበው ለመገመት ብዙ ጥበብ አያሻም። የአዲስ አበባው ጃን ሜዳ ለሁለቱም ምስክር ነው። በጥር ወር ታቦታት ያድሩበታል፤ በሌላው ጊዜ ፈረስ ይጋለብበታል፥ የአገር አቋራጭ ሩጫ ይደረግበታል፥ የየሠፈሩ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ የአትክልት ተራ ገበያ ለጊዜው ወደዚያ ተዛወረ። ምክንያቱ በጎ ነበር፤ ሕዝቡ በጠባብ ስፍራ ተፋፍጎ በሽታው እንዳይዛመት ነው። ነገር ግን ወራት አልፈው የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት በቀረበ ጊዜ ሜዳው በጭቃና በብስባሽ ተሞልቶ ተገኘ፤ ምእመናን አቤት አሉ፥ ገበያው ተነሣ፥ ሜዳውም ተጠርጎ ለበዓሉ ደረሰ። በዚያ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ የተማረው ነገር አለ፤ ክፍት ሜዳ ለጊዜው ተብሎ ከተወሰደ ለማስመለስ ጩኸት ያስፈልጋል። ታቦት የሚያድርበት ሜዳ ይህን ያህል ከተቸገረ፥ የጨርቅ ኳስ ብቻ ላለው ሜዳ ማን ይጮህለታል?

በገንዘብም ቢሰላ ነገሩ ኪሣራ ነው። የሜዳው ዋጋ በአንድ የበጀት ዓመት ተበልቶ ያልቃል፤ ሜዳው ግን ተመልሶ የሚገዛበት ዘመን አይመጣም፤ በዙሪያው ያለው መሬት ሁሉ ቤት ተሠርቶበታልና። በአዲስ አበባ በኪራይ ቪላ ውስጥ የተከፈቱ ትምህርት ቤቶች መኪና በሚቆምበት ሲሚንቶ ላይ ሕፃናትን ያሰልፋሉ፤ ወላጆቻቸውም ብዙ ገንዘብ ከፍለው፥ የጊንጪ የድሃ ልጅ በነጻ የሚያገኘውን ሣር ለልጃቸው ሊያገኙለት አይችሉም። የቀደሙት ሰዎች ግን ለትምህርት ቤት መሬት ሲለኩ እጃቸው ሰፊ ነበር። በ1939 ዓ.ም. የተመሠረተው የአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ለመባል በቅቷል፤ የሚሰፋበት መሬት በመጀመሪያው ቀን ባይሰጠው ኖሮ ለዚህ ባልደረሰ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ብልጥ ሰው ተነሥቶ፥ ለጥቂት ተማሪ ይህ ሁሉ መሬት ምን ያደርጋል? ብሎ ቆርሶ ሸጦት ቢሆን፥ የዛሬው ትውልድ ምን ብሎ በጠራው ነበር?

ሁለተኛው ተቃዋሚ የሚከበር ሰው ነው፤ የሚናገረውም ለጥቅሙ ብሎ አይደለም። ኳስና ሩጫ ልጁን ከጸሎትና ከትምህርት ያርቁታል፥ ሥጋን ያወፍራሉ እንጂ ነፍስን አይጠቅሙም ይላል። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክት የሰውነት ልምምድ ጥቅሙ ጥቂት መሆኑን ገልጧል ብሎም ማስረጃ ያቀርባል። ማስረጃው እውነት ነው፤ አተረጓጐሙ ግን ጐደሎ ነው። ሐዋርያው ጥቅሙን ጥቂት ያለው ከእግዚአብሔር አምልኮ ጋር አስተያይቶ ነው። ከአምልኮ ጋር ከተስተያየ ንግድም፥ ሹመትም፥ ሰዋስውም ጥቅማቸው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ገበያ ይዘጋ፥ ፊደልም ይቅር ያለ መምህር ግን የለም።

ይልቁንም ይኸው ሐዋርያ በቆሮንቶስ ከተማ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጦ አስተምሯል። በዚያች ከተማ አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ከግሪክ አገር ሁሉ ሕዝብ የሚሰበሰብበት የኢስትምያ እሽቅድድም ይደረግ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈ ጊዜ የክርስቲያንን ተጋድሎ ለማስረዳት የመረጠው ምሳሌ የሯጩን ነው፤ ሯጭ ለሚጠፋ አክሊል ብሎ ሰውነቱን እንደሚገዛና ከብዙ ነገር እንደሚከለከል አስታወሳቸው። የዕረፍቱ ጊዜ በደረሰ ጊዜም የራሱን ሕይወት የመሰለው በተፈጸመ ሩጫ ነው። ይህን ሁሉ የጻፈ ሐዋርያ ሩጫን ይንቅ ነበር ማለት ያስቸግራል።

የቤተ ክርስቲያንም ሥርዓት ሰውነትን የሚያሠለጥን ነው። በሰሙነ ሕማማት ምእመን ሲሰግድ የሚውለው በጉልበቱ ነው፤ መዘምራን በማኅሌት ሌሊቱን በሙሉ ቆመው የሚያድሩት በእግራቸው ነው፤ የቆሎ ተማሪም ከደብር ወደ ደብር፥ ከመምህር ወደ መምህር የሚሄደው ተራራውን በእግሩ እየወጣ ነው። የአባቶችም ልማድ ይህንኑ ያረጋግጣል። በልደት በዓል ከቅዳሴ በኋላ ወጣቱ በየሜዳው የገና ጨዋታ ይጫወታል፤ በዚያ ቀን ሎሌ ጌታውን በዱላ ቢያገኘው ቂም እንደማይያዝበት የታወቀ ነው። በጥምቀትም ፈረሰኛው ጉግስ ይጋጠማል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ጨዋታ ሁሉ ከበዓሏ አደባባይ አላባረረችም። ታዲያ የገናው ሩር የተወደደ ሲሆን የተማሪው ኳስ የተጠላ የሚሆነው በየትኛው ሥርዓት ነው?

ይሁን እንጂ ካህኑ ከሚያነሣው ውስጥ እውነት የሆነ ነገር አለ፤ እርሱም ሊካድ አይገባም። በቅዳሴ ሰዓት የእሑድ ግጥሚያ ማድረግ ስሕተት ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም፥ እሑድ ከቅዳሴ በኋላም በቂ ጊዜ አለና። ከዚህ የከፋው ደግሞ በየከተማው የተስፋፋው የውርርድ ቤት ነው። በዚያ ቤት ወጣቱ በማያውቀው አገር ስለሚደረግ ኳስ የዕለት ገንዘቡን አስይዞ፥ ብጣሽ ወረቀት ጨብጦ፥ ዓይኑን በመስኮተ ምስል ላይ ተክሎ ይውላል። ዳሩ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ በውርርድ ቤት የተቀመጠው ልጅ አይሮጥም፥ ኳስም አይነካም፥ ላብም አያልበው። ሜዳው በተዘጋበት ከተማ ልጁ የሚሄድበት ስፍራ ወደ ውርርዱና ወደ ጫቱ ቤት ነው። ሜዳውን የሚያወግዝ ሰባኪ ሳያውቀው ለዚያ ቤት ደንበኛ ይሰበስባል።

ሦስተኛው ተቃዋሚ የሜዳው ወዳጅ መስሎ የሚመጣ ነው። ሯጮች በሽልማታቸው ቤትና ሆቴል እንደ ሠሩ ሰምቷል፤ ስለዚህ ልጁ ትምህርቱን ትቶ ማለዳና ማታ እንዲሮጥ ያዝዘዋል። በሌላ ወገን ደግሞ ፈተና ያስጨነቀው የከተማ ሰው ይነሣና፥ በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ከግማሽ በላይ ነጥብ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ፥ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ብቻ ናቸው፤ በዚህ ጊዜ ስለ ሩጫና ስለ ኳስ ማውራት እብደት ነው ይላል። አንዱ ሜዳውን መርጦ መጽሐፉን ጣለ፤ ሌላው መጽሐፉን መርጦ ሜዳውን ጣለ። የሚጣሉ ቢመስሉም ሁለቱ በአንድ ሐሰት ላይ ተስማምተዋል፤ ይኸውም መጽሐፍና ሜዳ በአንድ ልጅ ላይ አብረው አይኖሩም የሚል ነው።

የፈተናው ውድቀት ታላቅ ኀዘን መሆኑ አይካድም። በ2014 ዓ.ም. አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ቍጥራቸው ከአንድ ሺህ በላይ ነበር። ነገር ግን የእነዚያ ሁሉ ልጆች ውድቀት ሲሮጡ ከመዋላቸው የመጣ ነው የሚል ሰው ካለ ማስረጃውን ያምጣ። ያ ዓመት ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ውስጥ በጥብቅ ጥበቃ መሰጠት የጀመረበት ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ውጤት በኩረጃ ያበጠ እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል። እንግዲህ በሽታው ይህ ከሆነ መድኃኒቱ በከፊል በሜዳው ላይ ይገኛል፤ በሜዳ ላይ ኩረጃ የለምና። ባልንጀራው ስለ ሮጠ የሮጠ ልጅ የለም፤ ያልሠለጠነ እግር ሠልጥኛለሁ ብሎ ቢምል ሰዓቱ ይመሰክርበታል። ልጅ በሐሰት የማይገኝ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው በዚያ ነው።

መጽሐፍና ሩጫ አብረው ለመኖራቸው ደግሞ ከኃይሌ ገብረ ሥላሴ የበለጠ ምስክር አይፈለግም። በአርሲ በልጅነቱ ከቤቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይሄድ፥ 10 ኪሎ ሜትርም እየሮጠ ይመለስ ነበር። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፥ በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያም በሲድኒ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ባገኘ ጊዜ ግራ ክንዱ ደብተር እንደ ታቀፈ ተማሪ ታጥፎ ይታይ ነበር። ዓለም ሁሉ ያንን ክንድ አይቶ አደነቀ፤ ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ የሚያስሮጥ አባት ግን ክንዱ ምን ታቅፎ እንደ ነበረ አልጠየቀም።

የትምህርት ቤት ሜዳ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ በቆጂ ይመልከት። በቆጂ በአርሲ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። መምህር ስንታየሁ እሸቱ በዚያች ከተማ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። በእጃቸው ካለፉት ልጆች ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር፥ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ በማራቶን፥ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ደግሞ በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ እያንዳንዳቸው በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር የወርቅ ሜዳይ አገኙ። ብዙ ሰው የዚህን ምክንያት በከፍታውና በአየሩ ላይ ያደርጋል። የደጋ አየር ስስ ስለ ሆነ ደም ብዙ ቀይ ሕዋስ እንዲያበጅ እንደሚያደርግ ሐኪሞች ያስረዳሉ፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ደጋ በኢትዮጵያ ሞልቷል፤ ምክንያቱ አየር ብቻ ቢሆን ኖሮ በደጋ ያለች ከተማ ሁሉ እንደ በቆጂ በሆነች ነበር። በቆጂን ከሌሎቹ የለያት የሚተጋ መምህር፥ ክፍት ሜዳና በየማለዳው የማይቋረጥ ልማድ በአንድነት መገኘታቸው ነው። አየሩን እግዚአብሔር ለሁሉ ሰጥቷል፤ መምህሩንና ሜዳውን መጠበቅ ግን የሰው ሥራ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረውም ታሪክ ይህን ያስረዳል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲያሸንፍ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ያሸነፈው ማሞ ወልዴም እንዲሁ ከክብር ዘበኛ የወጣ ነበር። በዚያ ዘመን የገጠር ልጅ አሠልጣኝና ሜዳ የሚያገኘው የጦር ልብስ ሲለብስ ነበር። በኋላ ትምህርት ቤት በየወረዳው በተከፈተ ጊዜ ግን የድሃ ልጅ፥ ሴት ልጅም ጭምር፥ ያለ ጠመንጃና ያለ ገንዘብ የምትገባበት ሜዳ ተገኘ። ደራርቱና ፋጡማ የወጡት ከዚህ በር ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤትን ሜዳ የሚያጥር ሰው ይህን በር ይዘጋል፤ የሀብታም ልጅ ሌላ በር አያጣም፥ የደንዲ ገበሬ ልጅ ግን ያጣል።

ምዕራብ ሸዋም ከዚህ በረከት አልተለየም። የአምቦው ተወላጅ ፊጣ ባይሳ በ1983 ዓ.ም. በቶኪዮ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በ5 ሺህ ሜትር ሁለተኛ ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመትም በባርሴሎና የነሐስ ሜዳይ አገኘ። ከደንዲ በስተ ሰሜን ባለው በጀልዱ ወረዳ የተወለደው ፈይሳ ሌሊሳ ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሴኮንድ ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ፥ ስለ ወገኖቹ ሞትና እስራት እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ አሳየ። ከጊንጪው አቤቱታ ያን ጊዜ ዘጠኝ ወር ሆኖ ነበር። ስለዚህ ምልክት ሰዎች በብዙ ተከራክረዋል፤ እርሱም ከሁለት ዓመት በላይ በውጭ አገር ቆይቶ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። የክርክሩ ፍርድ እንደ ሰዉ ይለያያል፤ የነገሩ አካሄድ ግን ለሁሉ የሚታይ ነው። ከአንድ ወረዳ የልጆች ሜዳ የተነሣ አቤቱታ፥ ሰሚ ባጣ ጊዜ፥ በጎረቤት ወረዳ ልጅ እጅ በዓለም ሁሉ ፊት ቆመ። ሹማምንት በጽሕፈት ቤታቸው አንድ ሰዓት ተቀምጠው ተማሪዎቹን ቢሰሟቸው ኖሮ ይህ ሁሉ መንገድ ባላስፈለገ ነበር።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ፥ ሜዳው የሚጠበቀው ስለ ወርቁ ነው የሚል ሰው ቢኖር ነገሩን አላስተዋለም። በሜዳው ከሚሮጡት ሺህ ልጆች ውስጥ ሜዳይ የሚያጠልቅ አንድ እንኳ ላይገኝ ይችላል። ሜዳው የሚያስፈልገው ከሁሉ ይልቅ ለቀሩት ነው። እነርሱ አርሶ አደር፥ መምህር፥ ሾፌር፥ ካህን፥ ነጋዴ ይሆናሉ፤ ከሜዳውም ይዘው የሚወጡት ሕግ አክብሮ መጋጠምን፥ ተሸንፎም ቂም አለመያዝን ነው። የኦሮምኛና የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ፥ በእሑድ ወደ ልዩ ልዩ ቤተ ጸሎት የሚሄድም ልጅ፥ በአንድ ቡድን ውስጥ ኳሱን ለባልንጀራው ሲያቀብል ማንም ሳይሰብከው አንድ ነገር ይማራል። አገር በወንድማማች ጠብ በቆሰለበት ዘመን ይህን ትምህርት የሚሰጥ ስፍራ በካሬ ሜትር ሊተመን አይችልም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፥ የየትምህርት ቤቱ ሜዳ ወሰኑ ተለክቶ የይዞታ ማረጋገጫው በትምህርት ቤቱ ስም ይውጣ፤ በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ባዶ ቦታ እየተባለ አይጻፍ። ሁለተኛ፥ ለጊዜውም ቢሆን ሜዳውን ለሌላ ሥራ ለማዋል የፈለገ ሹም በወላጆችና በመምህራን ጉባኤ ፊት ቀርቦ ያስፈቅድ፤ የሚመለስበትም ቀን አስቀድሞ ተቈርጦ ይጻፍ። ሦስተኛ፥ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር እንደ ሌሎቹ መምህራን ይከበር፤ ሰዓቱም ለሌላ ትምህርት ማካካሻ እየተባለ አይወሰድ። አራተኛ፥ ልጅ በሩጫው ቢመሰገን በትምህርቱም ይጠየቅ፤ ከክፍል የቀረ ከውድድርም ይቅር።

የካህናትም ድርሻ አለ። የየደብሩ አስተዳዳሪ ከትምህርት ቤቱ ኃላፊ ጋር ተነጋግሮ የቅዳሴና የግጥሚያ ሰዓት እንዳይጋጭ ማድረግ ይችላል፤ ይህ ከውግዘት ይልቅ ፍሬ ያፈራል። ካህን የተማሪ አባት እንደ መሆኑ በወላጆች ጉባኤ ይቀመጥ። ቤተ ክርስቲያን በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የገጠር መሬቷን ያጣች ናትና፥ ርስት በአንድ ወረቀት ሲሄድ ምን እንደሚመስል ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ስለዚህ በባልንጀራ ላይ ሲደርስ ዝም ማለት አይገባትም፤ ራሷም እንዳታደርገው መጠንቀቅ አለባት። በቅጥሩ ዙሪያ ሱቅ እየሠራ ማከራየት የለመደ ደብር፥ የአጥቢያውን ትምህርት ቤት ሜዳ ለሱቅ የሚመኝ ቢሆን፥ አክዓብ በካባም ሊመጣ እንደሚችል ይወቅ።

ነቢዩ ኤልያስ ወደ አክዓብ የመጣው ናቡቴ በድንጋይ ተወግሮ ከሞተ በኋላ፥ ንጉሡ ወይኑን ሊወርስ በወረደበት ጊዜ ነው። የነቢዩ ቃል እውነት ነበር፤ ተፈጸመም፤ ለናቡቴ ግን አልደረሰለትም። ስለ ጊንጪም ብዙው ቃል የተነገረው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ የደንዲና የአምቦ፥ የየከተማውም ካህናትና ምሁራን መናገር የሚገባቸው ሜዳው ገና ሣር ሳለ፥ ቆርቆሮ ሳይታጠርበት፥ ልጆቹም ለአቤቱታ ወደ መንገድ ሳይወጡ ነው። የሰማ ይፍረድ፤ የሚፈርድም አስቀድሞ ወሰኑን ያስለካ።